መዝገቡ በተለማማጁ እጅ ነው

ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ባለ ቀለም ስኬጁል ብዙ አትመኑት። ሳሪስ ውስጥ፣ ከአደይ አበባ እስከ አቦ ባለው የባቡር መስመር ግራና ቀኝ፣ በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፈው በሚወጡት ሕንፃዎች ግርጌ ያሉ የቆርቆሮ ቢሮዎች ሁሉ ይህ ወረቀት አላቸው። ሄንሪ ጋንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ባስለመደው አሣሣል፣ አግዳሚ መስመሮች እየተደረደሩ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ሲመጣ ቆም ብሎ ያየዋል፤ አማካሪው በወሩ ስብሰባ ላይ ይጠቅሰዋል። ከዚያ ውጪ የሚያነበው የለም። ጸብ ሲመጣ፣ ማለትም ክፍያ ሲቆረጥ፣ ጊዜ ሲያልቅ፣ አርማታ ሲሰነጠቅ፣ ሁሉም የሚፈልገው ሌላ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ በሲሚንቶ አቧራ የነጣውን ዴይሊ ሪፖርት። እሱን የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳይቱ ላይ ካሉት ሁሉ ታናሹ ነው፤ ተለማማጁ።

ይህን የምለው ከውስጥ ሆኜ ነው። በተለማማጅነት ገብቼ ያንን መዝገብ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ በኦፊስ ኢንጂነርነት ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ። በክፍል ውስጥ ማንም ያልነገረኝን፣ በሳይትም ጮክ ተብሎ የማይነገረውን፣ ለሚቀጥሉት ልጆች ማካፈል እፈልጋለሁ።

በእንግሊዝ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚባል መንገድ አለ። ወጣቱ በአንድ ድርጅት ይቀጠራል፣ ደሞዝ እየተከፈለው ይሠራል፣ ጎን ለጎን ዲግሪውን ይማራል፤ የትምህርቱን ወጪ አሠሪውና መንግሥት ይሸፍኑታል። ፕሮጀክት ማኔጅመንትም ከዘርፎቹ አንዱ ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ወይም የሲቪል ተማሪው ነው፤ አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይወጣል። ሁለተኛው ቀን ቀን ሳይት እየዋለ በማታና በቅዳሜ እሁድ የሚማረው ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ወይም በቅድስተ ማርያም ዩኒቨርሲቲ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዙ ብዙ የሳይት ሰዎችን አውቃለሁ። ከሳሪስ ብዙ ሳይርቅ በአቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከተመሠረተበት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ሳይቶች ከተለማማጅ ተለይተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ተለማማጅ ሲመጣ ሳይት ኢንጂነሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ምንድን ነው? ማንም የማይወደው። “ይቺን ሙላልኝ” ይልና የሪፖርቱን ጥራዝ ያቀብለዋል። ልጁ ይከፋዋል። ክሪቲካል ፓዝ ተምሮ፣ ኤምኤስ ፕሮጀክት ችሎ፣ ሰው እንዲቆጥር የተላከ ይመስለዋል። ስንት ግንበኛ፣ ስንት አናጺ፣ ስንት ፌራዮ፣ ስንት የቀን ሠራተኛ፤ ሚክሰሩ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ፣ ስንት ወጣ፤ ዘነበ፣ አልዘነበም። ከሥር ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ የተተወላት “ያጋጠመ ችግር” የምትል ቦታ አለች። የሳይቱ ገንዘብ ያለው በእነዚያ ሁለት መስመሮች ነው።

እንዴት? በመንግሥት ግዥ ውሎች የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በቀን ከሺህ አንድ ነው፤ ጣሪያው 10 በመቶ። የ200 ሚሊዮን ብር ሥራ ቢሆን በቀን 200 ሺህ ብር ማለት ነው። ተቋራጩ “የዘገየሁት በእኔ ጥፋት አይደለም፤ ዲዛይኑ ዘግይቶ ደርሶኛል፣ ክፍያ አልተለቀቀልኝም” ብሎ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠይቅ አማካሪው መጀመሪያ የሚለው “መዝገብህን አምጣ” ነው። ችግሩ በደረሰበት ቀን “ያጋጠመ ችግር፦ የለም” ተብሎ ከተጻፈ ጥያቄው እዚያው ሞተ። ብዙ ትልልቅ ሥራዎች የሚገዙበት፣ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውል ደግሞ ተቋራጩ ችግሩን ካወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል ይላል። ለጥንካሬ ፈተና የሚወሰደው የአርማታ ኪዩብም የመጨረሻ ፈተናው በ28ኛው ቀን ነው። ሁለቱን 28 ቀኖች የሚያስጀምረው የተለማማጁ እስክሪብቶ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ጊዜ ይህ የመዝገብ ጉዳይ በየሳይቱ ፈጦ ወጣ። አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ፌሮ ሻጮች ዋጋ መናገር አቆሙ፣ ሳይቶች ቀዘቀዙ። ወራት ቆይቶ “ሥራው ለምን ቆመ?” ሲባል መልሱ ያለው ቀኑ ላይ ነበር። ባለቤቱ ክፍያ ያዘገየው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ወስዶ ፌሮውን ሳይገዛ ቆይቶ ነው ወይስ አዝዞ ሳይደርሰው? ዴይሊ ሪፖርቱ ላይ “ለሁለተኛ ፎቅ ኮለን 16 ሚሊሜትር ፌሮ አልገባም፤ ፌራዮዎች ያለ ሥራ ዋሉ” ብሎ በየቀኑ የጻፈ ልጅ ባለበት ሳይት መልሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። “ሥራ ቀጥሏል” ብቻ ተብሎ ሲሞላ በከረመበት ግን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ማን በደንብ እንደሚያስታውስ ይከራከሩ ነበር።

የሳሪስና የአቃቂ መሬት ደግሞ የራሱ ምሥጢር አለው። ከላይ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረት ሲቆፈር መረሬው እስኪያልቅ ይወረዳል፣ ከዚያ በገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ስዕሉ ላይ ሁለት ሜትር የተባለው ቁፋሮ መሬት ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ገረጋንቲ ከተሞላበት በኋላ ግን ማንም አያየውም። ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት ባለች አንዲት ሰዓት ሁሉም ነገር ይወሰናል። የተቋራጩ ሰው ሌቭል ይዞ፣ የአማካሪው ሰው ጎኑ ቆሞ፣ በየማዕዘኑ ጥልቀቱ ይነበባል፤ ተለማማጁ ይጽፋል፤ ሁለቱም እዚያው ይፈርማሉ። እዚያው የሚለው ላይ ነው ጉዳዩ። የአማካሪው ሰው “ከምሳ በኋላ እፈርማለሁ” ካለ ከምሳ በኋላ ገልባጭ መኪናው ገረጋንቲውን ደፍቶበት ይጠብቃችኋል። እኔ ወረቀቱን በካርቶን ላይ ቆንጥጬ ጉድጓዱ አፍ ላይ መያዝ የለመድኩት ለዚህ ነው፤ እስክሪብቶውንም አብሬ እዘረጋለሁ።

ስለ ሌሊት የአርማታ ሙሌት ላውራችሁ። ከባድ መኪና በከተማው ውስጥ የሰዓት ገደብ ስላለበት የሶሌታ ካስቲንግ ብዙ ጊዜ ሲመሽ ይጀመራል። ሚክሰር መኪኖቹ በደብረ ዘይት መንገድ ተራ በተራ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሹፌር ቲኬት ይዟል፤ አርማታው ፕላንቱ ላይ የተቦካበት ሰዓት እዚያ ላይ ታትሟል። አርማታ ከተቦካ ጀምሮ እስኪፈስ በተለምዶ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሹፌሩ ቲኬቱን በመስኮት ሲያቀብላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ያንን ሰዓት ነው፤ ከዚያ የራሳችሁን ሰዓት ታያላችሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ትጽፋላችሁ። 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያላት የስላምፕ ሾጣጣ ትሞላለች፣ ትነሣለች፣ አርማታው ስንት እንደወረደ ይለካል። 15 ሳንቲሜትር በ15 የሆኑት ኪዩቦች ይሞላሉ፤ ቀኑና የመኪናው ቁጥር ይጻፍባቸዋል።

እና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲደክመው፣ ፓምፑ አልስብ ሲል፣ አንድ ሰው ከላይ “ውሃ ጨምርበት!” ብሎ ይጮኻል። ሹክሹክታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የተጨመረበት አርማታ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፈስሳል፣ ሠራተኛው ቶሎ ቤቱ ይገባል፤ ጥንካሬው ግን ይወርዳል። በዚያ ሰዓት መሐንዲሱ ወደ መኪናው ሄዷል፣ የአማካሪው ተቆጣጣሪ ጋቢ ለብሶ ጥግ ይዟል። ንቁ ሆኖ ወረቀት የያዘው ተለማማጁ ነው። ጮሃችሁ ልታስቆሙ ትችሉ ይሆናል፣ ላትችሉም ትችላላችሁ፤ ዕድሜያችሁና ወንበራችሁ ያን ያህል አይደለም። መጻፍ ግን ትችላላችሁ፦ የመኪና ቁጥር ይህ፣ ሰዓት ይህ፣ ስላምፕ ከተለካ በኋላ ውሃ ተጨምሯል፣ የተፈሰሰበት ቦታ ከዚህ አክሲስ እስከዚያ አክሲስ። በ28ኛው ቀን ኪዩቡ ቢወድቅ ሶሌታው ሁሉ ይፍረስ ወይስ የትኛው ቦታ በኮር ይፈተሽ የሚለውን የምትወስነው ያቺ መስመር ናት።

የነገሩ ክብደት በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይታያል። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። አሥር ዓመት ማለት ፎርማኑ ጡረታ የወጣበት፣ ሳይት ኢንጂነሩ ሁለት ሦስት ድርጅት የቀየረበት ጊዜ ነው። ተለማማጁ ቤተሰብ መሥርቶ ሊሆን ይችላል። በቦታው የሚቀረው ጽሑፉ ነው።

መዝገብ እንዴት እንደሚበላሽም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። አንደኛው መንገድ ስንፍና ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይጻፍ ቆይቶ ቅዳሜ ጠዋት የአምስቱ ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ይሞላል። እንዲህ ዓይነቱን ገጽ አሁን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ የሠራተኛው ቁጥር አምስቱንም ቀን እኩል ነው፣ ማክሰኞ የዘነበው ዝናብ የለም። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ጋሼ የምንላቸው፣ ሥራውን በሥርዓት ያስተማሩን፣ ምሳቸውን የሚያካፍሉን ፎርማን “ልጄ፣ ይቺን ተዋት፤ ሰው ታስቀይማለህ” ይላሉ። እሳቸው ይህን የሚሉት እኔን ለማዳን ነው፤ ከአማካሪው ጋር ከተጣላሁ የግምገማ ነጥቤ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ክፋት ነው፦ ያልዋለ ሠራተኛ የዋለ ይደረጋል፣ ያልገባ ሲሚንቶ ይገባል። ይህ ሲመጣ በራሳችሁ እጅ አትጻፉ። “ያላየሁትን አልጽፍም” ማለት ይበቃል። ሌላ ሰው ከጻፈው ይጻፈው፤ የእጅ ጽሑፉ የእሱ ይሆናል። ይህን ያልኩ ጊዜ የደረሰብኝ ክፉ ነገር የለም፤ ጥቂት ቀን ፊት ተነሣሁ፣ ከዚያ ሥራው ቀጠለ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘብ አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ሳይት ላይ አንዲት እናት፣ የቀን ሠራተኛ፣ የተቦካ ሲሚንቶ ተሸክመው በአጣና መወጣጫ ሲወጡ አንዱ እርብራብ ተሰብሮ ወደቁ። እጃቸው ተሰበረ። ሰዎች ተሯሩጠው በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሥራው ቀጠለ። ማታ ሪፖርቱ ሲሞላ “ያጋጠመ ችግር” የሚለው ቦታ ባዶ እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። ጻፍኩት፦ ሰዓቱን፣ የመወጣጫውን ቦታ፣ የተሰበረው የአጣና እርብራብ እንደነበር፣ ማን ማን እንዳየ። ፎርማኑ አንዴ አዩኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ። ከሳምንት በኋላ ሴትዮዋ የሕክምና ወጪ ጠይቀው ሲመጡ “እዚህ አልነበሩም፤ የሌላ ሳይት ሠራተኛ ናቸው” ሊባል ሲዳዳ ወረቀቱ ወጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በሥራ ላይ መሆናቸው በጽሑፍ ስለታየ ክርክሩ እዚያው አለቀ፣ ወጪያቸው ተከፈለ። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሪስክ ማኔጅመንት ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ፤ የሠራተኛ ስም ያለበት ግን አላየሁም። በሳሪስ ሳይቶች ባሬላ ከሚሸከሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ያለ ውል፣ በየቀኑ ተቆጥረው የሚከፈሉ፣ ስማቸው በታይም ኪፐሩ ደብተር ላይ ከነአባታቸው ስም እንኳ የማይጻፍ ናቸው። ሙሉ ስማቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ትምህርት ቤቱ በአጭሩ። ዩኒቨርሲቲው በመጨረሻ የሚጠብቀው የተጠረዘ ሪፖርት ነው፤ መግቢያ፣ የድርጅቱ ታሪክ፣ የሠራችሁት፣ የተማራችሁት። መምህሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን መጥቶ ያያችኋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱ የሚጠይቀው በመጽሐፍ ያለውን ነው። ሁለቱንም አክብራችሁ ሥሩ። ነገር ግን ለሪፖርታችሁ ከኢንተርኔት ከመገልበጥ ይልቅ የራሳችሁን የቀን መዝገብ ብታወጡ፣ የታቀደውንና የሆነውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ መምህራኑ ያላዩትን ነገር ታሳዩአቸዋላችሁ። “ለአንደኛ ፎቅ ሶሌታ 14 ቀን ተይዞ 31 ቀን ፈጀ፤ ከጭማሪው ስድስቱ በዝናብ፣ አራቱ በሲሚንቶ እጦት፣ የቀረው በዚህ በዚህ” ብሎ በቀን በቀኑ ያስረዳ ተማሪ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ገብቶታል።

አሁን ለልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት ማድረግ ስላለባችሁ ነገር። ከየዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ስትወጡ ድርጅቱ የቅበላ ደብዳቤ ይሰጣችኋል፤ አብዛኛው ሁለት መስመር ነው፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተቀብለናል፣ ማኅተም። ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ምሳ፣ ስለ አበል፣ ስለ ደኅንነት ጫማና ቆብ አንድ ቃል የለበትም። በዚያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውስጥ የሙያ መልመጃ ውል የሚባል ክፍል አለ፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት ያዝዛል። የዩኒቨርሲቲ ተለማማጅ በዚህ ክፍል ሥር ይግባ አይግባ ሊያከራክር ይችላል። ቢሆንም ሰው ኃይል ክፍሉ ጋ ቀርባችሁ በትህትና “እነዚህ ነገሮች በደብዳቤው ላይ ይጨመሩልኝ” ብትሉ የሚቆጣችሁ አይኖርም፤ አንዳንዶቹ ይጨምራሉ። ቢያንስ ቆብና ጫማ አስጽፉ። ሁለተኛ፣ የአሠልጣኛችሁን ስም በደብዳቤው ላይ አስገቡ፤ ያለበለዚያ ሳይት ኢንጂነሩ ሲቀየር ማን እንደሚገመግማችሁ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ ዴይሊ ሪፖርቱ በካርቦን ባለ ሦስት ቅጂ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ነጩ ለአማካሪ፣ አንዱ ለዋናው ቢሮ፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ካርቦን ከሌለ የአማካሪው ሰው ከፈረመ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሳይት ኢንጂነሩ በቴሌግራም ላኩለት፤ መልእክቱ የተላከበት ሰዓት ራሱ ማስረጃ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛው በር ላይ ሲሰበሰብ፣ ከፎርማኑ ጎን ቁሙ። ስም ሲጠራ አብራችሁ ቁጠሩ። ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ ዛሬ የትኛው ቡድን የት ይሠራል፤ ይህን ፎርማኑ በቃል ነው የሚያውቁት፣ በወረቀት የላቸውም። ጥያቄ ጠይቁ፤ ደስ ይላቸዋል። ማታ ከመውጣታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርማሉ፣ ትክክል ከሆነ ይፈርማሉ። ከዚያ ጥራዙን ቆልፉበትና ሂዱ።